መሣልና ማሳየት፦ ስለ አንድ የሊኑክስ መመሪያ አተረጓጎም የቀረበ ሂስ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የቴክኒክ መመሪያ ገና በረቂቅነቱ ለማንበብ ዕድል አግኝተናል። የመመሪያው ዓላማ ሁለት የግራፊክስ መሣሪያዎች ያሉት ላፕቶፕ ይዞ በሊኑክስ ለመሥራት የፈለገ ሰው፣ ከሁለቱ ኃይለኛውን እንዴት ወደ ሥራ እንደሚያስገባ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ነው። ተርጓሚው የባዕድ ቃል ባጋጠማቸው ቁጥር በፊደል ገልብጠው ከማለፍ ይልቅ አማርኛ ፍለጋ ደክመዋል፤ ዐረፍተ ነገራቸውም የቋንቋውን ወግ የጠበቀና ያለ መሰናክል የሚነበብ ነው። ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ይሁንና የመመሪያ ትርጉም የሚመዘነው በንባቡ ማማር ብቻ አይደለም። አንባቢው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የታዘዘውን ቢፈጽም ሥራው ይሳካለታል ወይ? በዚህ ሚዛን ሲታይ ረቂቁ አራት ከባድ የቃል አመራረጥ ስሕተቶች አሉበት።

የመጀመሪያው ከርእሱ ላይ ይገኛል። «ዴዲኬትድ ግራፊክስ ካርድ» የሚለው ስያሜ «ቁርጠኛ የሥዕል ካርድ» ተብሏል። ቁርጠኝነት የሰው ጠባይ ነው። እንግሊዝኛው ለመግለጽ የፈለገው ግን መሣሪያው ለአንድ ተግባር ብቻ የተለየና የራሱ ማኅደረ ትውስታ ያለው መሆኑን ነው። ስለዚህ «ራሱን የቻለ» ቢባል፣ ከአንጎለ ኮምፒውተሩ ጋር የተዋሐደው ደግሞ «አብሮ የተሠራ» ቢባል ሁለቱ ስያሜዎች በተቃርኖ ይተረጓጎማሉ። «ካርድ» የሚለውም ቢሆን ከጠረጴዛ ኮምፒውተር የተወረሰ ስም ነው። በዚያ ተነቅሎ የሚተከል ሰሌዳ አለ፤ በላፕቶፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ነው። አንባቢው የሚነቀል ነገር ፍለጋ ላፕቶፑን እንዳይፈታ «የግራፊክስ አስሊ» ማለት ይበጃል፤ እኛም ከዚህ በታች እንዲሁ እንጠቀማለን።

ሁለተኛውና ዋናው ስሕተት «ረንደር» እና «ዲስፕሌይ» የተባሉትን ሁለት ግሦች በአንድ «ማሳየት» መተርጎም ነው። የዚህን ክብደት ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕቲመስ የተባለውን አሠራር ሲያስተዋውቅ ሁለቱ አስሊዎች ሥራ እንዲከፋፈሉ አደረገ። በዚህ ዓይነት በተሠሩ በብዙዎቹ ላፕቶፖች መስኮቱ የተገናኘው አብሮ ከተሠራው አስሊ ጋር ብቻ ነው። ራሱን የቻለው አስሊ ከባዱን ምስል ያዘጋጅና ውጤቱን ወደ ሌላው ማኅደረ ትውስታ ይገለብጣል፤ ወደ መስኮቱ የሚያወጣው ያ ሌላው ነው። አንደኛው ይሥላል፤ ሁለተኛው ያሳያል። ይህ ክፍፍል ለዊንዶውስ ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ሊኑክስ ለተወሰኑ ዓመታት ተቸግሮበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባምብልቢ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ መላ አበጀ፤ ፕራይም የተባለው ዘዴም ቀስ በቀስ በሊኑክስ ውስጥ ተደላደለ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኤንቪዲያ 435ኛ ዕትም ድራይቨር ይህንኑ ዘዴ ተቀበለ።

በረቂቁ ግን «ኃይለኛው ካርድ ያሳያል» ተብሎ ተጽፏል። አንባቢው የታዘዘውን ሁሉ በትክክል ፈጽሞ ውጤቱን ሲመረምር መስኮቱ አሁንም አብሮ ከተሠራው አስሊ ጋር እንደተገናኘ ያያል። ሥራው የተሳካ ሆኖ ሳለ እንዳልተሳካ ይቈጥረዋል። ከዚያም «የሚያሳየው» ኃይለኛው እንዲሆን ብሎ አብሮ የተሠራውን አስሊ ቢዘጋ መስኮቱ ጨልሞ ይቀራል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «ረንደር» መሣል፣ «ዲስፕሌይ» ማሳየት ቢባል ዐረፍተ ነገሩ ራሱ አሠራሩን ያስተምራል። «ሣለ» ከሚያስለው ሳልና ቢላዋ ከመሳል ጋር በድምፅ ይመሳሰላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በንጉሡ «ሠ» ቢጻፍ፣ የግእዝ ምንጩም ሠዐለ መሆኑ ቢታወስ፣ ችግሩ ቢያንስ በጽሑፍ ይወገዳል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው «ኦፍሎድ» የሚለው ቃል ነው። ተርጓሚው ሸክም ከማውረድ ጋር አዛምደው «ማራገፍ» ብለውታል። ለቃሉ ፍቺ ታማኝ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን «አራግፍ» የተባለው ትእዛዝ በእጅ ስልክ አማካይነት አስቀድሞ ሌላ ፍቺ ይዟል፤ ፕሮግራምን ከመሣሪያ ላይ ጨርሶ ማስወገድ ማለት ነው። «የግራፊክስ ሥራን አራግፍ» የተባለ አንባቢ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ቃል ባዶ ቤት አይገባምና፣ አዲስ ፍቺ ከመስጠት በፊት ማን እንደሚኖርበት መጠየቅ ይገባል። እዚህ ላይ «የመሣልን ሥራ ማስተላለፍ» በቂ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት «ድራይቨር» የሚለውን «ሹፌር» ማለት ነው። ድራይቨር መሣሪያውን የሚነዳ ሳይሆን በሊኑክስ አስኳልና በመሣሪያው መካከል ቆሞ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። ለዚህ ተግባር «አስተርጓሚ» የተሻለ በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን በኮምፒውተር ሙያ አስተርጓሚ ሊባል የሚገባው ሌላ የፕሮግራም ዓይነት ስላለ ድራይቨርን እንዳለ መያዝ ይሻላል። ጉዳቱ የባሰው ደግሞ ኑቮ የተባለው ድራይቨር ስሙ ሲተረጎም ነው። ኑቮ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ስለሆነ ተርጓሚው «አዲሱ ሹፌር» ብለውታል። ኑቮ ግን የተጸውዖ ስም ነው። አምራቹ ኩባንያ የአሠራሩን ዝርዝር ባለመግለጹ በጎ ፈቃደኞች የመሣሪያውን ጠባይ እያጠኑ የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ2010 ከሊኑክስ አስኳል 2.6.33ኛ ዕትም ጋር የተዋሐደ ነፃ ድራይቨር ነው። ሁለት ድራይቨሮች አንድን አስሊ በአንድ ጊዜ ሊይዙ ስለማይችሉ፣ የኩባንያውን ድራይቨር የሚጭን ሰው ኑቮ እንዳይነሣ ማገድ ይኖርበታል። በረቂቁ ይህ ትእዛዝ «አዲሱን ሹፌር አግድ» ሆኗል። አንባቢው በዚያኑ ዕለት የጫነው አዲስ ድራይቨር የኩባንያው ነው፤ ስለዚህ የሚያግደው ያንኑ ይሆናል። አንድ ስም በመተርጎሙ ብቻ መመሪያው የራሱን ዓላማ አፈረሰ።

አራተኛው «ቴይንትድ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ረቂቁ «አስኳሉ ተበክሏል» ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ኮምፒውተሩ ቫይረስ ያዘው ብሎ መደንገጡ አይቀርም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነፃ ያልሆነ ወይም ከአስኳሉ ምንጭ ውጭ የተዘጋጀ ክፍል ሲጫን አስኳሉ በራሱ ላይ ምልክት ያኖራል። ዓላማውም ጉድለት ሲያጋጥም ሪፖርቱ የሚደርሳቸው ጸሐፍት የማያውቁት ሥራ እንደተጨመረ እንዲረዱ ነው። ስለዚህ «አስኳሉ ባዕድ ክፍል መቀበሉ ተመዝግቧል» ቢባል ማስታወቂያው ከማስፈራሪያነት ወደ መረጃነት ይመለሳል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሁለት የአሠራር ሐሳቦችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ ስያሜ ከመምረጥ በፊት በጽሑፉ ውስጥ የሚሠራው ማን፣ የሚተላለፈው ምን እንደሆነ ተለይቶ ይሥፈር፤ ለእያንዳንዱ ድርሻም አንድ ቃል ብቻ ይመደብ። ሁለተኛ፣ የተጸውዖ ስሞችና ማሽኑ ራሱ የሚያነባቸው የትእዛዝ ቃላት አይተርጎሙ፤ ማሽኑ አማርኛውን አይረዳውምና። አዲስ ስያሜን ሁሉ አንቃወምም። በግእዝ የሠረገላ እግር የነበረው መንኮራኩር ዛሬ የጠፈር መጓጓዣ ሆኖ ማንንም አላሳሳተም፤ ምክንያቱም አንባቢ አንዱን ከሌላው የሚያምታታበት ሁኔታ አልነበረም። «ማሳየት» እና «ማራገፍ» ግን እንዲህ ያለ ዕድል የላቸውም።

ተርጓሚው ረቂቁን ለኅትመት ከማብቃታቸው በፊት እንግሊዝኛውን ያላየ አንድ አንባቢ ከላፕቶፕ ፊት አስቀምጠው፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአማርኛው ብቻ እንዲሠራ ቢያደርጉና የቆመበትን ቦታ ሁሉ ቢመዘግቡ መልካም ነው። ከላይ ስላቀረብናቸው ስያሜዎች፣ በተለይም «መሣል» ለ«ረንደር» የተስማማ ስለመሆኑ፣ የሙያው ባልደረቦች በዚሁ መጽሔት አስተያየታቸውን ቢሰጡበት ውይይቱ ይዳብራል።