በጽሑፍ የጠፋው አጽንዖት፦ በጁባ የተቀዱ ፕሬዚዳንታዊ ንግግሮች አመዘጋገብ ላይ የቀረበ ሂስ

ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ማያርዲት በጁባ ያደረጓቸውን ሕዝባዊ ንግግሮች ለማጥናት የሚነሣ ሰው ሁለት ዓይነት ማስረጃ ይጠብቀዋል፤ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ጽሑፍና በቦታው የተቀዳው ድምፅ። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ፕሬዚዳንቱ የተጻፈውን በእንግሊዝኛ አንብበው ወረቀቱን ከተዉ በኋላ ሕዝቡን በአረብኛ ማነጋገራቸው የተለመደ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይህን ክፍል አይዝም።

እ.ኤ.አ. የ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ፣ የአገሩን ነባር ቋንቋዎች ሁሉ ደግሞ ብሔራዊ ቋንቋዎች ያደርጋል። አረብኛ በአንቀጹ አልተጠቀሰም። የጁባ አረብኛ «ነባር» ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የፖለቲካ ክርክር ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ በድምፅ ክምችት መዝገብ ላይ ግን ተግባራዊ ውጤት አለው። በእጄ ከገቡት ቅጂዎች የሚበዙት «እንግሊዝኛ» ወይም በደፈናው «አረብኛ» የሚል መግለጫ ብቻ አላቸው። ይህ መግለጫ የካርቱሙን አነጋገር ከጁባው ክሪዮል አይለይም።

መለየቱ ግን ከባድ አይደለም። በጁባ አረብኛ ግሡ በመደብ አይረባም፤ «አና ቢ ሩዋ» (እሄዳለሁ)፣ «ኡዎ ቢ ሩዋ» (ይሄዳል)፣ «አና ጊ ሩዋ» (እየሄድኩ ነው) ሲባል የሚለዋወጠው ከግሡ በፊት ያለው ነው። አንድ ተናጋሪ በአንድ ንግግር ውስጥ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሊመላለስ ስለሚችል ምልክቱ በቅጂው ላይ ሳይሆን በዓረፍተ ነገሩ ላይ መደረግ አለበት።

ዋናው ቅሬታዬ ግን አጽንዖትን ይመለከታል። በዚህ ቋንቋ አድራጊና ተደራጊ ግሥ የሚለዩት በአጽንዖት ቦታ ነው። በሰዋስው ጥናቶች የታወቀውን ምሳሌ ልውሰድ፦ «ˈካቱሉ» ገደለ፣ «ካቱˈሉ» ተገደለ (ጭረቱ ከጎላው ክፍለ ቃል በፊት ነው)። አጽንዖቱ መካከለኛው ክፍለ ቃል ላይ ሲያርፍ ደግሞ «መግደል» ይሆናል። በላቲንም ሆነ በአረብኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስቱም አንድ ናቸው። የአማርኛ አንባቢ ችግሩን ከራሱ ፊደል ያውቀዋል፤ «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺው፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው ነው።

ተሳቢው በግልጽ ሲነገር አሻሚነቱ ይቀራል። «ኡሞን ካቱሉ» ተብሎ ሲቆም ግን «እነሱ ገደሉ» ነው ወይስ «እነሱ ተገደሉ»? እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 በጁባ ውጊያ ከተነሣ ወዲህ፣ ማን ገደለ፣ ማን ተገደለ የሚለው ጥያቄ በየመድረኩ በሚነሣበት አገር ይህ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በንግግር ውስጥ ሲገኝ ያለ አጽንዖት ምልክት የተገለበጠ ጽሑፍ ተናጋሪው ያላለውን ሊያስብለው ይችላል፤ ትርጉሙም በዚያው ላይ ይሠራል።

እኔም ከዚህ ስሕተት ነፃ አልነበርኩም። በመጀመሪያው ዙር የገለበጥኳቸውን ገጾች ያለ ምልክት ስለጻፍኳቸው ወደ ድምፁ ተመልሼ እንደገና መሥራት ግድ ሆኖብኛል። ያን ጊዜ የተረዳሁት የቅጂው ጥራትም የክርክሩ አካል መሆኑን ነው። አጽንዖት የሚሰማው በድምፅ ከፍታና በርዝመት ነው፤ የአደባባይ ድምፅ ማጉያ፣ ጭብጨባና እልልታ ሁለቱንም ይሸፍናሉ። ለዜና ተቆርጦ በተደጋጋሚ የተጨመቀ ቅጂ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው።

ስለዚህ ለክምችት ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ጠባብ ነው። ያልተቆረጠው የመጀመሪያ ቅጂ ይቀመጥ። ቋንቋው የተቀየረበት ደቂቃና ሰኮንድ ይመዝገብ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «የንግግሩ ሙሉ ቃል» ተብሎ ከድምፁ ጋር አይያያዝ፤ የተነበበው ክፍል ጽሑፍ ነውና በዚሁ ስም ይጠራ። አገልባጩ አጽንዖቱን መለየት ባቃተው ቦታ ደግሞ በግምት ከሚሞላው ይልቅ ሁለቱንም ንባብ ጎን ለጎን ያስፍር።