ጡጦው በሽቦው በኩል ነው

ግልገል ጎሪላ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ማቀፍ ይቻላል?” ብሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጎሪላ ስንከባከብ ይህን ጥያቄ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሰምቼዋለሁ። የአገሬ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩበታል፦ “አንቺንማ ያውቅሻል፣ እናቱ ማለት ነሽ እኮ!” ይሉኛል። ሊያመሰግኑኝ ፈልገው እንደሆነ ይገባኛል። በእኛ ሙያ ግን ይህ ከወቀሳ ይቆጠራል።

ግልገሉ እንዲወደን ማድረግማ ምን ችግር አለው? ጡጦ የያዘን ሰው የማይወድ ግልገል የለም። ጭንቁ ሌላ ነው፤ በእጃችን እያጠባን ልቡ ግን ወደ ወገኖቹ እንዲሄድ ማድረግ።

ድሮ እንዲህ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሰው ይዞታ ሥር የተወለደችው የመጀመሪያዋ ጎሪላ ኮሎ ናት፤ በታኅሣሥ 1956፣ ኦሃዮ ውስጥ በኮሎምበስ መካነ እንስሳት። ያሳደጓት ሰዎች ናቸው፤ ልብስ ሁሉ እያለበሱ። ኮሎ አድጋ ሦስት ወለደች፣ አንዱንም ግን ራሷ አላሳደገችም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ “ሰው ያሳደጋት እናት መሆን አትችልም” ብሎ መደምደም ይቀል ነበር። ኋላ ግን የልጅ ልጇን ከጨቅላነቱ አንሥታ አሳደገችው። በጥር 2017 በ60 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ የሙያችን ሰዎች ስለ እሷ መከራከር አልተዉም ነበር።

ከኮሎ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የባዝሉ ታሪክ ነው። በስዊዘርላንድ የባዝል መካነ እንስሳት አቺላ የምትባል ጎሪላ በ1959 ጎማን ወለደች። ልጇን እንዴት ይዛ እንደምታጠባ አላወቀችበትም። የመካነ እንስሳቱ ኃላፊ ኤርንስት ላንግ ግልገሏን ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር አሳደጋት። በ1961 ግን ያችው አቺላ ጃምቦን ወለደች፣ እሱን ማንም ሳይነካባት ራሷ አጥብታ አሳደገችው። ጃምቦ በኋላ ወደ ጀርዚ ደሴት ተዛወረ። በ1986 አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከግንቡ ላይ ጎሪላዎቹ ግቢ ውስጥ ወድቆ ራሱን ሳተ። ጃምቦ በልጁና በሌሎቹ ጎሪላዎች መካከል ቆመ፤ ጀርባውንም ዳሰሰው። ልጁ ነቅቶ ማልቀስ ሲጀምር ሌሎቹን ይዞ ዘወር አለ። እናቱ ስላሳደገችው ነው ብዬ አልምልም። ግን የዚያን ቀን የተቀረጸውን ፊልም ባየሁ ቁጥር አቺላ ትዝ ትለኛለች።

ዛሬ እናት እምቢ ስትል የምንሠራው ሥራ ትንሽ ያስቃል። በጥር 2013 ቴክሳስ ውስጥ ግላዲስ ስትወለድ እናቷ ስላልተቀበለቻት ወደ ሲንሲናቲ ተወሰደች። እዚያ ያሉት ተንከባካቢዎች ፀጉራም ጥቁር ሰደርያ ለብሰው፣ ጉልበታቸው ላይ መከላከያ አስረው፣ ሌሊቱንም ቀኑንም ተፈራርቀው አዘሏት። በአራት እግር ሄዱ፣ እንደ ጎሪላ አጉረመረሙ። ጥጃዋ የሞተባትን ላም ያለበ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ቆዳው ገለባ ተሞልቶ ከፊቷ ሲቆምላት እየላሰች ወተቷን ትሰጣለች። እኛ ዘንድ የሚታለለው ልጁ ነው፣ ቆዳውን የምንለብሰውም እኛው ነን።

ሰደርያው ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ወተት ወተት ይሸታል። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ጨቅላ ፀጉሩን በጨበጠ ጊዜ ጣቱን ማላቀቅ ቀልድ አይደለም፤ ከትንሿ ጣት ተጀምሮ አንድ በአንድ ነው የሚፈታው። እንደ ሰው ልጅ አንጋለን አናጠባውም፣ ደረታችን ላይ እንደተጣበቀ ነው የሚጠባው። እያየነው ፈገግ አንልም፤ ዓይን ለዓይን ማፍጠጥ በጎሪላ ዘንድ ድፍረት ነው። ለጀማሪዎች ከሁሉ የሚከብዳቸውም ይኸው ነው፤ ጨቅላ ይዘው “እሹሩሩ” እንዳይሉ መከልከል።

ከዚያ አሳዳጊ እናት ትፈለጋለች፤ ለግላዲስ የተገኘችላት ምሊንዚ ነበረች። ወተት የሌላት አሳዳጊ ግልገሉን አቅፋ በእኛና በእሷ መካከል ወዳለው ሽቦ እንድታመጣ ትሠለጥናለች። ስንጠራት መጥታ ትቀመጣለች፣ ግልገሉ አፉን ወደ ሽቦው ያስጠጋል፣ ጡጦው በቀዳዳው ይገባል። ለእሱ ወተት፣ ለእሷ የወይን ፍሬ። ጠብቶ ሲጨርስ ተሸክማው ትሄዳለች። ከእኛ የሚያገኘው ወተት ብቻ ነው፣ ሙቀቱና ቁጣው ከእሷ ነው።

ፎቶ የሚፈልጉ ክፍሎች ይህን አይወዱትም። ጡጦ የያዘ ሰውና ግልገል በአንድ ፍሬም ቢገቡላቸው ደስ ይላቸዋል። እኔ አልሰጥም፤ በዚህም የተነሣ ግትር ተብያለሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ይህ ሁሉ እንዳያስፈልግ እናቲቱን ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ዋሽንግተን የምትኖሩ ጎሪላዋን ካላያን አይታችኋት ይሆናል። በስሚዝሶኒያን መካነ እንስሳት ሞኬን በሚያዝያ 2018 ከመውለዷ በፊት ተንከባካቢዎቿ ልጅ ያቀፉ ጎሪላዎችን ፎቶ አሳይተዋታል፣ አሻንጉሊት ጎሪላ ሰጥተው መሳምና መዳሰስ አለማምደዋታል። ሞኬን ራሷ አሳደገችው። በግንቦት 2023 ደግሞ ዛህራን ወለደች።

ካላያ መሰል እናት ባልተገኘች ጊዜ የመጨረሻው ፈተና ጀርባው የሸበተው አውራ ነው። ግልገል ብቻውን ከእሱ ጋር አይገናኝም። መጀመሪያ ከአሳዳጊዋ ጋር ይለማመዳል፣ ቀጥሎ ከሌሎቹ ሴቶች፣ አውራው በመጨረሻ ይገባል። እስከዚያ አሳዳጊዋ ግልገሉን የራሷ አድርጋዋለች፤ አውራው ሲንጎራደድ አንሥታ ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ካስፈለገም ትጮህበታለች። ሰውማ በዚያ ሰዓት በር ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ምንም አያደርግም። ቀጠሮ ደረሰ፣ ጎብኚ ይጠብቃል ተብሎ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ግን በሩን አልከፍትም።