«ምልክት» ወይስ «ጠቋሚ»? ስለ ስንዴ ዝርያ ማሻሻያ የሙያ ቃላት የቀረበ ሂስ

ስንዴን ከሚያጠቁ በሽታዎች ዋነኛውን በአማርኛ ለመሰየም አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም። አንዳንድ የውጭ ቋንቋዎች በሽታውን በብረት ዝገት ስም ቢጠሩትም፣ የእኛ ገበሬ «ዋግ» ይለዋል፤ ባለሙያውም ይህንኑ ቃል ተቀብሎ የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ፣ ቢጫ ዋግ እያለ ይጠቀምበታል። በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ የሚገኝበትን አዲስ ስልት ለመሰየም ስንነሣ ግን ከገበሬው አፍ የምንወስደው የተዘጋጀ ቃል የለም። ስለሆነም ቃል መምረጥ ግድ ይሆናል፤ በምርጫው ላይ የሚፈጸም ስሕተትም ከመዝገበ ቃላት ገጽ አልፎ እስከ ማሳ ይደርሳል።

በቅድሚያ ነገሩን እንግለጽ። በሽታን የመቋቋም ባሕርይ ከወላጅ ወደ ተወላጅ የሚተላለፈው በዘረመል ነው። ቀድሞ አዳቃዩ የባሕርዩን መተላለፍ ያረጋግጥ የነበረው ተክሉን ለዋግ አጋልጦ፣ የታመመውን ጥሎ ጤነኛውን በማስቀረት ነበር። ዛሬ ግን ከለጋ ቡቃያ ቅጠል ተቆርጦ ዲ.ኤን.ኤው ይመረመራል፤ ከተፈላጊው ዘረመል አጠገብ የሚገኝ፣ ተለይቶ የታወቀ የዲ.ኤን.ኤ ክፍል ከታየ ዘረመሉም አብሮ እንዳለ ይገመታል። የስልቱ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ሁለትና ሦስት ዘረመሎችን በአንድ ዝርያ ማከማቸት ሲፈለግ ነው፤ አንደኛው ዘረመል ብቻውን ተክሉን ጤነኛ ካደረገው የሁለተኛውን መኖር አለመኖር በዓይን መለየት አይቻልምና። እንግዲህ ይህን የዲ.ኤን.ኤ ክፍል ምን ብለን እንጥራው?

ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ምልክት» ነው። ነገር ግን በሕክምናም ሆነ በሰብል ጥበቃ «የበሽታ ምልክት» ማለት ሕመም በአካል ላይ የሚያሳየው ለውጥ ነው። በስንዴ ቅጠል ላይ የሚታየው ብጫ ዱቄት የዋግ ምልክት ይባላል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ «ምልክት ያለውን ቡቃያ አስቀሩ፤ ምልክት የሌለውን አስወግዱ» የሚል መመሪያ ቢገባ፣ አንባቢው የተባለውን ተቃራኒ ለመሥራት የሚያበቃ ምክንያት አለው። አንድ ቃል በአንድ ሙያ ውስጥ ለጤናም ለበሽታም ሊያገለግል አይገባውም።

«አመልካች» ከዚህ እንከን ነፃ ቢሆንም በጽሕፈት ቤትና በፍርድ ቤት ማመልከቻ አቅራቢ ማለት ሆኖ ጸንቷል። «መለያ» ደግሞ ከሚገባው በላይ ይናገራል፤ ነገሩ ተለይቶ ያለቀለት ያስመስላል። በእኛ አስተያየት ተመራጩ «ጠቋሚ» ነው። ጠቋሚ የሚጠቁመውን ነገር ራሱ አይደለም፤ ወደዚያ ያመራል እንጂ። ሊሳሳትም ይችላል። ቃሉ ሰውን አሳልፎ የሚሰጥ የሚል መጥፎ ጥላ እንዳለው አይካድም። ሆኖም «የዘረመል ጠቋሚ» ተብሎ ሲነገር አገባቡ ጥላውን ያርቀዋል።

በጠቋሚና በተጠቋሚ መካከል ያለው ርቀት የቃላት ጨዋታ አይደለም። የዘር ሕዋሳት ሲፈጠሩ ጥንድ ክሮሞሶሞች ክፍሎቻቸውን ስለሚለዋወጡ፣ ጠቋሚው ከዘረመሉ ተለይቶ ብቻውን ሊተላለፍ ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰፋ መጠን መለያየቱም ይበዛል። ኤስ.አር.2 የተባለውን የግንድ ዋግ ዘረመል እንመልከት። ዘረመሉ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤድጋር ማክፋደን በተባሉ አሜሪካዊ አዳቃይ አማካይነት ወደ ዳቦ ስንዴ የገባው ከአጃ ነው፤ አጃ ስንልም በከተማ ለቁርስ የሚቀርበውን ሳይሆን፣ ገበሬያችን በዚሁ ስም የሚጠራውን የስንዴ ዘመድ ማለታችን ነው። ኤስ.አር.2 ያለበት ስንዴ ብዙውን ጊዜ በእብቁና በአገዳው ላይ ጥቁረት ያሳያል። ይህ ጥቁረት ከዲ.ኤን.ኤ ምርመራ በፊት የነበረ ጠቋሚ ነው፤ ግን እንደ አየሩ ጠባይ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። «ምልክት» ብለነው ቢሆን ኖሮ ገበሬው በሽታ ነው ብሎ ይነቅለው ነበር።

ሁለተኛው ሂሳችን «በሽታን የሚቋቋም» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። «ተቋቋመ» እርስ በርስ መግጠምን የሚያሳይ ግስ ነው፤ ማንን እንደተቋቋመ መነገር አለበት። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ኤስ.አር.ቲ.ኤም.ፒ የሚባል ዘረመል ስለነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የተገኘውንና ዩ.ጂ.99 የተባለውን አደገኛ የግንድ ዋግ ዓይነት ይቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ግን ቲ.ኬ.ቲ.ቲ.ኤፍ የተባለ ሌላ የዋግ ዓይነት በአርሲና በባሌ ያንኑ ዝርያ ክፉኛ ጎዳው። ዘረመሉ አልጠፋም፤ ጠቋሚውም አልዋሸም፤ ባላጋራው ተለወጠ እንጂ። በዘር ከረጢት ላይ «ዋግን የሚቋቋም» ብሎ መጻፍ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህም በላይ ኤል.አር.34ን የመሰሉ ዘረመሎች ዋግን ያዘገያሉ እንጂ ፈጽመው አያግዱም፤ ለእነዚህ «ዋግ አዘግዪ» የሚል የተለየ ስያሜ እንዲሰጥ እናሳስባለን።

ሦስተኛው፣ የስልቱ ስም ራሱ ነው። «የዘረመል ስንዴ» የሚል አጭር አጠራር ከተለመደ፣ ሰሚው ነገሩን ከልውጠ ሕያው ጋር ያዛምደዋል። ልውጠ ሕያው የዘር ይዘቱ በቤተ ሙከራ የተለወጠ ነው። በጠቋሚ የሚመረጠው ስንዴ ግን የሚገኘው በተለመደው ማዳቀል ነው፤ አዲሱ ነገር የመምረጫው መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ «በጠቋሚ የታገዘ መረጣ» የሚለውን እንደግፋለን። ገበሬ ዘር ሲመርጥ የኖረ በመሆኑ፣ «መረጣ» የሚለው ቃል አዲሱን ሥራ ከነባሩ ሥራ ጋር ያገናኘዋል።

በማጠቃለያው፣ «ጠቋሚ» ለዲ.ኤን.ኤው ክፍል፣ «ምልክት» ለበሽታው መገለጫ ብቻ እንዲወሰኑ፣ «የሚቋቋም» የሚለውም ከሚቋቋመው የዋግ ዓይነት ስም ጋር እንጂ ብቻውን እንዳይጻፍ እንጠይቃለን። የግብርና ባለሙያዎች የተሻለ ቃል ካላቸው እንዲያቀርቡ እንጋብዛለን፤ ቃሉ የሚፈተነው ዘሩን በሚዘራው ሰው ዘንድ ነውና።