«ይታመናል» ያለው ማን ነው?

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ8 ክፍል ድራማ «ዶፕሲክ» ሲነሳ ቀድሞ የሚወሳው የማይክል ኪተን ትወና ነው፤ በአንዲት የቨርጂኒያ የማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ የሚሠራ ሐኪም ሆኖ ይጫወታል። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ግሥ ነው።

ፐርዱ ፋርማ ኦክሲኮንቲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በ1996 ለገበያ ሲያቀርብ፣ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ወደ ሰውነት መግባቱ አላግባብ የመወሰድ አደጋውን እንደሚቀንስ «ይታመናል» የሚል ዓረፍተ ነገር በመግለጫው ላይ ሰፍሮ ነበር። ማን ነው ያመነው? በምን ማስረጃ? አማርኛችንም ይህን ባለቤቱን የሚሸሽግ ግሥ አሳምሮ ያውቀዋል (የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያነበበ ይመስክር)። ድራማው ቃሉን ከመንግሥት ተቆጣጣሪው ቢሮ አንስቶ፣ በሽያጭ ሠራተኛው በቢሊ አፍ፣ እስከ ሐኪሙ ጠረጴዛ ይከተለዋል። እዚያ ሲደርስ ጥርጣሬው ሁሉ ረግፏል። ቢሊ ክፉ አይደለም፤ ወጣት ነው፣ ቦነስ ይፈልጋል፣ ሐኪሙንም ይወደዋል።

ድክመቱ ሪቻርድ ሳክለር ላይ ነው። ማይክል ስቱልባርግ እያንሾካሾከ የሚጫወተው ባለሀብት ገና ከሩቁ ያስፈራል። ሐኪሙን ያሳመነው ግን የሚያስፈራ ሰው አልነበረም። ድራማው በቢሊ በኩል የደረሰበትን እውነት በሳክለር በኩል ያፈርሰዋል።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን፣ እዚሁ አትላንታ ያለው ሲዲሲ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ለሥር ሰደድ ሕመም እንዴት ማዘዝ እንዳለባቸው መመሪያ ያወጣው በ2016 ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ።

በዚሁ ታሪክ ላይ የተሠራው «ፔይንኪለር» (2023) ጩኸት ይበዛዋል፤ አልወደድኩትም። ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል የሚከፈተው እውነተኛ ወላጆች ታሪኩ በከፊል ፈጠራ መሆኑን ከወረቀት ሲያነቡ፣ ቀጥለውም ፈጠራ ያልሆነውን፣ የገዛ ልጃቸውን ሞት፣ በራሳቸው አፍ ሲናገሩ ነው።