የባህል ምሽትና የዶጋሊ ሐውልት

ልጅዎ በወጣቶች ልውውጥ ተመርጦ ለጉዞ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ የአገር ልብስና ትንሽ በርበሬ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ «የባህል ምሽት» የሚባል አለና። እያንዳንዱ ቡድን ምግቡን ያቀርባል፣ ይጨፍራል፣ ይጨበጨብለታል። በማግሥቱም አድራሻ ተለዋውጦ ይለያያል። ይህንን ነው እንግዲህ «የባህሎች መግባባት» የሚሉት።

በምግቡ ቅር አይለኝም፤ በአንድ ትሪ የታረቀ ብዙ ሰው አለ። የምጠይቀው፣ በዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ሌላውን መቼ ጠየቀው፣ መቼስ አረመው ብዬ ነው።

እስቲ እዚሁ ሮማ የሆነውን እንይ። በ1649 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሳንቶ ስቴፋኖ ወደሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ሄደ። ግዕዝ ከመጽሐፍ ተምሬያለሁ ቢላቸው ትልቅ ብራና አውጥተው አስነበቡት። አነባበቡ አሳቃቸው፤ ትርጉሙን መናገር ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ከመካከላቸው የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ወዳጁ ሆኑ። በ1652 እሳቸውም በተራቸው ጀርመን፣ ጎታ ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሄዱ፤ ለወራት ተቀምጠው ስለ አገራቸው ተጠየቁ፣ አስረዱ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ ሰጥመው ቀሩ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከእሳቸው በተማረው ነው።

የዛሬው ልውውጥ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። የአውሮፓ ኅብረት በኢራስመስ ፕላስ ከ13 እስከ 30 ዓመት ላሉ ወጣቶች ከ5 እስከ 21 ቀን የሚቆይ ጉዞ ይረዳል። የሚታየው የመኖሪያ አገር እንጂ ዜግነት አይደለም፤ ስለዚህ የጣሊያን ፓስፖርት የሌለው ልጅዎም ሶጆርኖው የጸና ከሆነ ከጣሊያን ቡድን ጋር መሄድ ይችላል። ይህን ልብ ይበሉ! የአዲስ አበባው እኩያው ግን በዚህ ልውውጥ አይካተትም፤ ከኅብረቱ ውጭ በሩ የተከፈተው ለጎረቤት አገሮች ነው። እንደ አባ ጎርጎርዮስ በተራው የሚጠራ የለም ማለት ነው። ኢትዮጵያን ወክሎ የሚቆመው ሮማ ተወልዶ ያደገው ልጃችን ይሆናል፤ እሱም ለአንድ ምሽት፣ ነጠላ ለብሶ።

እንግዶች ወደ ሮማ ሲመጡ ደግሞ ተርሚኒ ይወርዳሉ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ፒያሳ ዴይ ቺንኮቼንቶ ስሙን ያገኘው በ1887 ራስ አሉላ ምጽዋ አጠገብ ዶጋሊ ላይ ከደመሰሱት 500 ያህል የጣሊያን ወታደር ነው። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ያልፉበታል። የጣሊያኑ ልጅ በትምህርት ቤት የተነገረውን፣ የእኛው ከአያቱ የሰማውን እዚያ ቆመው ቢናገሩ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ለአዘጋጅም ጭፈራ ይቀላል። እኔ ግን ያንን ክርክር እመርጣለሁ።

ነጠላውን አይከልክሉት። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ እሑድ ይዘውት ወደ ዶጋሊ ሐውልት ይሂዱ። ከተርሚኒ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።