ሕዋሱና ባለቤቱ፦ ስለ ርቤካ ስክሉት መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

ሕያው ኅብረ ሕዋስን ከአካል ውጭ በቤተ ሙከራ ማራባት በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ በጥቂት መስመሮች የሚታለፍ ርእስ ነው። አሜሪካዊቱ ጸሐፊ ርቤካ ስክሉት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት «የሔንሪየታ ላክስ ዘለዓለማዊ ሕይወት» በተሰኘው መጽሐፍ ግን ይኸው ጉዳይ ስም፣ ቤተሰብና ቅሬታ ያለው ሆኖ ቀርቧል።

ሔንሪየታ ላክስ በ1951 በባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የማኅፀን ጫፍ ነቀርሳ ሲታከሙ፣ ሳያውቁ ከዕጢው ቁራጭ ተወሰደ። እስከዚያ ድረስ በጆርጅ ጋይ ቤተ ሙከራ የሰው ሕዋሳት ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። እነዚህ ግን በ24 ሰዓት ገደማ በእጥፍ እየበዙ ቀጠሉ። እናቲቱ በዚያው ዓመት በ31 ዓመታቸው ዐረፉ፤ «ሒላ» የተባሉት ሕዋሳት ለፖሊዮ ክትባት ምርመራ ዋሉ። ቤተሰቡ ነገሩን የሰማው በ1973 ነው።

ለመምህራን ከሁሉ የሚበልጠው የልጃቸው የዲቦራ ታሪክ ነው። ዲቦራ የእናታቸው አምሳያዎች በለንደን ጎዳና የሚመላለሱ ይመስላቸው ነበር። ማብራሪያ ቢጠይቁ አንድ ስመ ጥር ሊቅ የሰጧቸው ፊርማቸውን ያኖሩበትን የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ነበር! (ይህ ዓይነቱ መልስ ለትምህርት ባለሙያ እንግዳ አይደለም።) በ2001 አንድ ተመራማሪ ወደ ቤተ ሙከራው ጋብዘው ስለ ሕዋስ ከሥር ከመሠረቱ አስረዷቸው፤ ዲቦራም በረዶ የሆነውን ብልቃጥ በመዳፋቸው ይዘው አሞቁት። ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ትዕይንት የሚተካከል የለም።

ድክመቱ በአደራደሩ ላይ ነው። አሌክሲስ ካሬል በ1912 የጀመሩት የጫጩት ልብ ሕዋስ ለ34 ዓመት ኖረ መባሉ አጠራጣሪ መሆኑ በጥሩ ሁኔታ ተተርኳል፤ ሊዮናርድ ሄይፍሊክም በ1961 ጤናማ የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ተከፍሎ እንደሚያቆም አሳይተዋል። ታዲያ «ሒላ» ስለምን አያቆምም? የፓፒሎማ ቫይረስ 18ኛው ዓይነት የሕዋሱን አሠራር ማዛባቱና ቴሎሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም የክሮሞሶሞቹን ጫፍ መጠገኑ የሚብራራው ከ38ቱ ምዕራፎች በ27ኛው ነው። እስከዚያ ድረስ «ዘለዓለማዊ» የሚለው ቃል አንባቢውን እንደ ዲቦራ ያሳስተዋል፤ የሚራባው የነቀርሳ ሕዋስ እንጂ ሴትዮዋ አይደሉም። መጽሐፉን በክፍል የሚጠቀም መምህር 27ኛውን ምዕራፍ አስቀድሞ ቢያስተምር ይሻላል።