ማረሻ ያልነካው ማዕድ፦ የሂንዱ የክረምት ጾምና አምልኮ ሂሳዊ ዳሰሳ

ሕንድ ከዓመት ዝናቧ ሦስት አራተኛ ያህሉን የምታገኘው በአራት ወራት ውስጥ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው የሞንሱን ነፋስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 1 ገደማ በኬራላ ጠረፍ ይገባና በጁላይ አጋማሽ አገሩን ሁሉ ሸፍኖ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ከሰሜን ምዕራቡ ጀምሮ መሸሽ ይጀምራል። የሂንዱ ሃይማኖት ይህን ወቅት የሚያከብርበት ዘመን «ቻቱርማስ» ይባላል፤ በሳንስክሪት «አራት ወር» ማለት ነው። አሻድ በተባለው ወር ጨረቃ እየሞላች በምትሄድበት ግማሽ፣ በ11ኛው ቀን ይገባል፤ ካርቲክ በተባለው ወር በተመሳሳዩ ቀን ይወጣል። በትውፊቱ መሠረት ጠባቂው አምላክ ቪሽኑ በእነዚህ አራት ወራት በወተት ባሕር ላይ፣ ሼሻ በሚባለው ታላቅ እባብ ተጋድሞ ያንቀላፋል፤ አምላኩ እስኪነቃ ድረስ ሰርግን የመሰለ የደስታ ሥርዓት አይደገስም፤ በምትኩ ጾሙ፣ ስእለቱና ሌሊት ቁመቱ ይበረክታል።

ስለዚህ ጾም በአማርኛ ለመናገር የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት «ጾም» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ጾም ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከል ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ፍልሰታ በዚሁ ክረምት የሚውል በመሆኑ ንጽጽሩ ወዲያው ወደ አእምሮ ይመጣል። የሂንዱው ጾም ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ወተትና ንጥር ቅቤ የጾም ምግብ ሆነው ሲቀርቡ፣ ሩዝ፣ ስንዴና ጥራጥሬ ፍስክ ይሆናሉ፤ ተራው ጨው እንኳ ከዓለት በሚወጣ ጨው ይተካል። ሁለት ቃላት ይህን ሥርዓት ይሸከማሉ። «ኡፓቫስ» የሚለው ቃል በጥሬው «አጠገብ መኖር» ማለት ሲሆን፣ ጿሚው በአምላኩ አጠገብ ይውላል የሚል ትርጓሜ ተሰጥቶታል። «ቭራት» የሚባለው ደግሞ ለተወሰነ ቀንና ለተወሰነ አምላክ የሚያዝ ግዴታ ነው፤ ጾምን፣ አምልኮንና የቀኑን ታሪክ ማዳመጥን በአንድ ላይ ስለሚያጠቃልል በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ከ«ጾም» ይልቅ «ብፅዓት» ወይም «ስእለት» ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዴቫጊሪ የያዳቫ ነገሥታት ሹም የነበረው ሄማድሪ በሰፊው ድርሳኑ ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል ለእነዚህ ብፅዓቶች መስጠቱ፣ ከሰባት መቶ ዓመታት በኋላም ሕንዳዊው ሊቅ ፒ. ቪ. ካኔ በዳርማሻስትራ (የሂንዱ የሃይማኖት ሕግ) ታሪኩ አምስተኛ ቅጽ ረጅም የፊደል ተራ ዝርዝር ማዘጋጀቱ የሥርዓቱን ብዛት ይመሰክራል።

ለክረምቱ ጾም ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ የጤና ነው። በዝናብ ወራት የሆድ እሳት ይዳከማል፣ ውኃ ይደፈርሳል፣ ቅጠል ትል ያፈራል፤ ስለዚህ አባቶች ለሰውነት አስበው ጾሙን ሠሩ ይባላል። ማብራሪያው ያለ መሠረት የተፈጠረ አይደለም፤ ጥንታዊው የሕክምና መጽሐፍ ቻራካ ሳምሂታ በክረምት የምግብ መፍጨት ኃይል እንደሚደክም ያስተምራል። በቻቱርማስ ሥርዓትም በሽራቫን ወር ቅጠላ ቅጠል፣ በባድራፓድ እርጎ፣ በአሽቪን ወተት፣ በካርቲክ ጥራጥሬ እንዲተው መታዘዙ ይህን የሚደግፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ ማብራሪያው ወደ ማዕዱ ቀርቦ ሲፈተሽ አይጸናም። ሆድን ለማሳረፍ የተሠራ ጾም በቅቤ የተጠበሰ ድንችን ስለምን ይፈቅዳል? ከዚህም በላይ፣ ዝናቡ ገና ሳይባራ ከሚውሉት ብፅዓቶች ሁለቱ ቅጠላ ቅጠልን ከመከልከል ይልቅ እንዲበላ ያዛሉ። የነዚህ ሁለት ቀናት ማዕድ የክረምቱን ጾም ውስጣዊ ሐሳብ ከየትኛውም የጤና ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል፤ ሐሳቡም የሚያጠነጥነው በማረሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሃል ሻሽቲ ነው። «ሃል» ሞፈርና ማረሻ ማለት ሲሆን፣ ቀኑ የአምላኩ የክሪሽና ታላቅ ወንድም የባላራም ልደት ነው፤ ባላራም በሥዕልም በሐውልትም ማረሻን እንደ ጦር መሣሪያ ይዞ ይታያል። ካማርቻት በሚባልበት በሕንድ ቻቲስጋር ግዛት እናቶች ስለ ልጆቻቸው ዕድሜ ይጾሙታል። በግቢው መካከል ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና ውኃ ተሞልቶበት ኩሬ ይሆናል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ረጃጅም ሣርና ቅርንጫፍ ይተከላል፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው የዕለቱን ታሪክ ያዳምጣሉ። ጿሚዋ በዚያ ቀን በታረሰ መሬት ላይ አትረግጥም፤ ማረሻ ከነካው ማሳ የበቀለ ምንም ነገር አትቀምስም። ጾሟን የምትፈታው ረግረግ ቦታና ኩሬ ዳር ሰው ሳይዘራው በሚበቅል ቀላ ያለ ሩዝ ነው። ይህ «ፓሳሃር» የሚባለው ሩዝ በአማርኛ ወፍ ዘራሽ ከሚባለው ወገን ነው፤ ከስድስት ዓይነት ቅጠላ ቅጠል ጋር ይቀርባል። ወተቱና እርጎውም የላም መሆን የለበትም፤ የውኃ ጎሽ ነው። ለዚህ የሚስማማው ንባብ የላም ልጅ በሬ፣ የቀንበር ተሸካሚ መሆኑ ነው፤ ክልከላው ከማረሻው አልፎ ማረሻውን እስከሚጎትተው እንስሳ እናት ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሪሺ ፓንቻሚ ነው፤ በባድራፓድ ጨረቃ እየሞላች ባለችበት በአምስተኛው ቀን፣ ከጋኔሽ በዓል ማግስት ይውላል። «ሪሺ» በትውፊቱ በጫካ የኖሩ ጥንታውያን ባሕታውያን ናቸው፤ ሰባቱ በዚህ ቀን ይታሰባሉ። በማሃራሽትራ የሚቀቀለው የዕለቱ ወጥ የጎደሬ ቅጠል፣ ስራስር፣ ዱባና በቆሎ በአንድ ድስት የሚገናኙበት፣ ቅመም የሚቀንስበት ምግብ ነው፤ ደንቡም በበሬ ድካም የተገኘ ነገር እንዳይገባበት ነው። በጉጃራት ቀኑ በሚበላው ነገር ይጠራል፦ «ሳማ ፓንቻም»፣ ሳማ ከሚባለው ደቃቅ እህል የተነሣ። የሪሺዎቹ ማዕድ ከሕግ መጻሕፍት ጋርም ይገጥማል። ማኑስምሪቲ ቤቱን ትቶ ጫካ የገባ ሰው በታረሰ መሬት የበቀለውን፣ ሌላ ሰው የጣለውን እንኳ ቢሆን፣ እንዳይበላ ያዛል፤ በሌላ ቦታም ጫፉ ብረት የሆነው እንጨት ምድርንና በምድር ውስጥ ያሉትን ፍጥረታት እንደሚያቆስል አንሥቶ እርሻ በደጋግ ሰዎች ዘንድ እንደሚነቀፍ ይገልጻል። የሪሺ ፓንቻሚ ጿሚ ታዲያ ለአንድ ቀን የባሕታዊን ማዕድ ትቀርባለች፤ ገበሬ ሆና፣ ወይም የገበሬ ልጅ ሆና።

ለእነዚህ ሁለት ቀናት ሁለት ተጨማሪ በዓላት ሲጣመሩ ሥዕሉ ይሞላል። በሽራቫን ጨረቃ እየሞላች ባለችበት በአምስተኛው ቀን የሚውለው ናግ ፓንቻሚ የእባብ አምልኮ ነው፤ በብዙ አካባቢ ገበሬው በዚያ ቀን አያርስም፣ አይቆፍርም። በሰፊው የሚነገረው የዕለቱ ታሪክ ማረሻው የእባብ ግልገሎችን የገደለበትን ገበሬና ቤተሰቡን የተበቀለችውን እናት እባብ ያወሳል፤ ከሞት የምትተርፈው እባቧን በአምልኮ የተቀበለችው የገበሬው ልጅ ብቻ ናት። ጨረቃ በምትጠፋበት በወሩ ማብቂያ ደግሞ ፖላ ይውላል፤ በሬዎች ታጥበው፣ ቀንዳቸው ተቀብቶ፣ አዲስ ገመድ ታስሮላቸው ከቀንበር ያርፋሉ፤ ምግብም ይቀርብላቸዋል። ከናግ ፓንቻሚ እስከ ሪሺ ፓንቻሚ ያለው ልክ አንድ የጨረቃ ወር ነው፤ ሃል ሻሽቲና ፖላ በመካከሉ ይውላሉ። በአንድ ወር ውስጥ ማረሻው ያቆሰለው ፍጥረት፣ ማረሻውን የተሸከመው አምላክ፣ ማረሻውን የጎተተው በሬና ማረሻውን የማያውቁት ባሕታውያን በየተራ ይታሰባሉ። በዓላቱን በየአምላካቸው ለያይቶ የሚያጠና ሥራ ይህን ተከታታይነት በቀላሉ ያልፈዋል፤ ወቅቱን ይዞ ለሚያነብ ግን አራቱ ቀናት የአንድ ሐሳብ አራት ገጽ ናቸው። መሬቱ ታርሶና ተዘርቶ ዕድሉ በዝናብ እጅ በወደቀበት ሰዓት፣ የዘራው ሰው እጁን ሰብስቦ በሚያርስበት ነገር ላይ ያስባል።

ይህ ስሜት ከቤት ውስጥ ብፅዓት የሰፋ ሥር አለው። የቡድሃና የጄይን መነኮሳትም ከጥንት ጀምሮ በዝናብ ወራት መዞራቸውን ትተው በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ የቡድሃውያን የሥርዓት መጻሕፍት የሚሰጡት ምክንያት መነኮሳቱ ለምለም ሣርና ታናናሽ ፍጥረታትን ይረግጣሉ ተብሎ መነቀፉ ነው። የዚህ ቆይታ ስም «ቫርሻቫስ» ከ«ቫርሻ» (ዝናብ) እና ከ«ቫስ» (መኖር) የተዋቀረ ነው። ብዙ ቋንቋዎች ይህን በሐተታ እንጂ በቃል አይተረጉሙትም፤ አማርኛ ግን «መክረም» የሚል ቃል አለውና ክረምትንና መቆየትን በአንድ ግስ አሥሮ ይመልሰዋል።

ሥርዓቱ ጥንታዊነቱ ያደረቀው አለመሆኑን ለማየት የዘመኑን ታዋቂ የጾም ምግብ አንድ ሳህን መመልከት ይበቃል። ሳቡዳና ኪችሪ የሚባለው ምግብ ከካሳቫ ሥር ስታርች የተሠሩ ነጫጭ እንክብሎች ውኃ ውስጥ አድረው ሲለሰልሱ፣ ከተወቀጠ ኦቾሎኒ፣ ከተቆራረጠ ድንችና ከቃሪያ ጋር፣ ከሙን በፈነዳበት ንጥር ቅቤ ውስጥ ታምሶ የሚቀርብ ነው። በደንብ ሲሠራ እያንዳንዱ እንክብል ብርሃን እስኪያሳልፍ ይጠራል፤ ጊዜው ካለፈበት እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። ካሳቫ፣ ኦቾሎኒ፣ ድንችና ቃሪያ አራቱም መገኛቸው አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1498 ፖርቱጋላውያን ወደ ሕንድ የባሕር መንገድ ከመክፈታቸው በፊት የትኛውም ጿሚ አላያቸውም። ጥንታውያን ዝርዝሮች ሊጠቅሷቸው አይችሉም ነበር፤ ሆኖም ከማሳ የታጨደ እህል ስላልሆኑ በሩ ተከፈተላቸው። ይህ የሚያሳየው ወግ አጥባቂ የሚባለው የማጀት ሕግ የቆመው በስም ዝርዝር ላይ ሳይሆን በመለያ ሐሳብ ላይ መሆኑን ነው።

የማረሻው ንባብ ግን ሁሉን ይፈታል ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። በኤካዳሺ፣ ማለትም በየግማሽ ወሩ 11ኛ ቀን፣ እህል መተው ዓመቱን ሙሉ የሚጸና ሥርዓት ነው፤ ቻቱርማስ ያበዛዋል እንጂ አልፈጠረውም። የሺቫ አምልኮም በሌላ ሐሳብ ይመራል። በሽራቫን ሰኞ ሰኞ የሚጾሙት ምእመናን በሺቫ ምልክት፣ በሊንጋው፣ ላይ ውኃና ወተት ያፈሳሉ፣ ሦስት ጣት ያለውን የቢልቫ ቅጠል ያኖራሉ፤ አማልክትና አጋንንት ባሕሩን ሲንጡ የወጣውን መርዝ ሺቫ በጉሮሮው ይዞ ዓለምን ስላዳነ ያን ቃጠሎ ለማብረድ ነው ይባላል። ከሱልታንጋንጅ የጋንጀስን ውኃ በትከሻ ተሸክመው ብዙዎች በባዶ እግራቸው የሚጓዙት ካንዋሪያዎች፣ ወደ ዴኦጋር ባይድያናት ቤተ መቅደስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄዱ ዕቃው መሬት እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። ወሩ ራሱ የሚለጠጥ ነው፤ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳልና፣ በባሕረ ሐሳብ አበቅቴ የሚባለው ይህ ልዩነት ሲጠራቀም በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ ወር ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የተደገመው ሽራቫን ነበር፤ በሰሜን ሕንድ የሰኞ ጾሙ ስምንት ሆነ።

ትልቁ ጥያቄ ግን የጿሚዎቹ ማንነት ነው። የማሳው ሥራ በወንድም በሴትም ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ የማረሻው ጾም በአብዛኛው የሴት ሆኗል። ሪሺ ፓንቻሚ በተለምዶ የሚነገርበት ታሪክ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ሳታውቅ የፈጸመችውን «ርኩሰት» እንድታስተሰርይ የሚያዝ ነው። በኔፓል ይኸው ቀን በሰፊው ይከበራል፤ የወር አበባ ላይ ያለችን ሴት ከቤት አስወጥቶ በጎጆ የሚያሳድረው የቻውፓዲ ልማድ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በሕግ ወንጀል ሆኗል። ጾሙ የተሸከመውን የመሬት ርኅራኄ ያደነቀ ዳሰሳ ይህን የሴት ልጅ ሰውነት ጥፋተኛ የሚያደርግ ታሪክ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። በሌላ በኩል ጿሚዋን ተበዳይ ብቻ አድርጎ መሣልም ይጎድላል። ተመራማሪዋ አን ማኬንዚ ፒርሰን በባናራስ ከተማ ሴቶች ላይ ያደረገችውና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ጥናት፣ ሴቶቹ ስለ ባልና ስለ ልጅ የሚጾሙትን ብፅዓት ለራሳቸው የአእምሮ ሰላም እንደሚይዙት ያሳያል፤ የመጽሐፉ ርዕስም ከዚሁ የተወሰደ ነው። የቀኑን ምግብ የምትመርጠው፣ ታሪኩን የምታነበው፣ ለልጇ የምታስተላልፈው ያለ ካህን ሴቲቱ ራሷ ናት። በማሃራሽትራ ከተሞች የሪሺ ፓንቻሚ ወጥ ዛሬ በማይጾሙ ቤቶችም ይቀቀላል፤ ድስቱ ከታሪኩ ተለይቶ መኖር እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

በሬ በትራክተር መተካቱ ደግሞ ሳይታሰብ የሁለቱን ደንቦች ልዩነት ገልጦታል። የማሃራሽትራው ደንብ የሚከለክለው የበሬን ድካም ነው፤ በቃሉ ከተያዘ በትራክተር የታረሰ ማሳ ያበቀለው ነገር ወደ ድስቱ መግባት ይችላል። የቻቲስጋሩ ግን የሚከለክለው የመሬትን መታረስ ነውና ትራክተሩ ምንም አያቀልለትም፤ እንዲያውም ረግረጉ እየደረቀና እየታረሰ በሄደ መጠን ወፍ ዘራሹ ሩዝ ይጠፋል። በሃል ሻሽቲ ዋዜማ በቻቲስጋሯ ከተማ በራይፑር ገበያ ፓሳሃር በትንንሽ መስፈሪያ ሲሸጥ ዋጋው ከተራው ሩዝ ብዙ እጥፍ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ እናቶቹም ለአንድ ጉርሻ የሚበቃ እፍኝ ገዝተው ይመለሳሉ።